ሽብልቅ አግቢበት

ሐምሌ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ጅማ ውስጥ ሂርማታ አካባቢ ባለችው የሥራ ክፍላችን ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ መነጋገር እንኳ በጩኸት ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ የ120 የኒካህ ጥሪ ካርድ ሥራ ተዘርግቷል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለት ሁለት አረንጓዴ የቡና ቅጠል ይለጠፋል፤ ቅጠሉን የሚቆርጥልን በእጅ የሚዞረው ማሽን ነው። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፣ ለዚያም ነው የምወደው። የዚያን ቀን ግን ቅጠሉ አልወጣ አለ። ዙሪያው በደንብ ተቆርጦ፣ ጫፉ ጋ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ቦታ ወረቀቱን ነክሳ ያዘች።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሦስት ጊዜ አመላለሰችው። «እትዬ፣ የእኔ ጉልበት አልበቃው አለ መሰለኝ፤ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አለችኝ። እኔም እጀታውን ይዤ ክብደቴን ጣልኩበት። ማሽኑ አቃሰተ፤ ቀጥሎ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ወረቀቱን ከላይ የሚጫነው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ የላይኛው ፕሌት፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ቅጠሉን ሳወጣው ጫፉ አሁንም እንደተያዘ ነው።

ድምፁን ሰምተው ከጎረቤት ባለሦስት እግር በርጩማ የሚሠሩት አናጺ ብቅ አሉ። የተሰነጠቀውን ፕሌት አነሱና አገላብጠው አዩት፤ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ተመለከቱ። ከዚያ እኔ እጀታውን ሳይ እሳቸው ጎንበስ ብለው በሁለቱ ሮለሮች መካከል ያለውን ክፍተት አጮልቀው አዩ። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ የጎደለው ጉልበት አይደለም። ክፍተት አለው። ሽብልቅ አግቢበት» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣችም። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ማንም ሰው መጥረቢያውን የበለጠ አጥብቆ አይዝም፤ ሽብልቅ ይመታበታል። በርጩማ ሲወላገድም እንዲሁ ነው። እኔ ግን ለማስተምራቸው ሁሉ «ጠንከር አድርጋችሁ አዙሩ» ስል ኖሬያለሁ፤ ለካ ማሽኑን ሳይሆን ክንድን ነበር የማስተምረው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ማሽኑን ገዝታችሁ «አይቆርጥም» ብላችሁ ጥግ ላስቀመጣችሁት ነው። ብዙዎቻችሁ ጋ ያለው ማሽን ምንም አልሆነም።

ሮለሩ የሚያውቀው ውፍረትን ብቻ ነው

ማሽኑ ውስጡ ሲታይ ሁለት የብረት ሮለሮች አንዱ ካንዱ በላይ ተቀምጠው በመካከላቸው የማይለወጥ ክፍተት አለ። እጀታው በጥርሶች አማካይነት ሮለሮቹን ያዞራል፤ ሮለሮቹ ደግሞ የተደረደረውን ነገር በአንድ በኩል ስበው በሌላው ያወጡታል። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም። እጀታውን በሙሉ ጉልበት ያዞረ ሰው ድርድሩን ፈጥኖ ያሳልፈው እንደሆነ እንጂ አጥብቆ አይጫነውም። ጫናው የሚመጣው ድርድሩ ከክፍተቱ በሚወፍርበት ልክ ነው። ድርድሩ ከክፍተቱ ጥቂት ከሳሳ እንኳን እኔ፣ የጅማ ጎረምሳ ሁሉ ቢሰለፍበት ስለቱ ወረቀቱን አይጨርሰውም።

ድርድሩ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መደቡ፣ ማለትም ድርድሩ ሁሉ የሚቀመጥበት ሰሌዳ፣ በላዩ የታችኛው ፕሌት፣ በፕሌቱ ላይ ዳዩ (የቅርጹ መቁረጫ) ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ወረቀቱ መልካም ገጹ ወደ ታች ዞሮ፣ በመጨረሻ የላይኛው ፕሌት። ፕሌቶቹ ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረታቸው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስሱ የብረት ዳይ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። ለካርድ የምንጠቀምበት 250 ግራም ወረቀት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ተራው የፎቶ ኮፒ 80 ግራም ወረቀት ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ልብ በሉ። በሚቆርጥና በማይቆርጥ ድርድር መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ያቺው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ናት።

ሁሉም ዳይ ግን ስስ አይደለም። በእንጨትና በስፖንጅ ውስጥ የተቀበረ የብረት ስለት ያለው ወፍራም ዳይም አለ፤ እርሱ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመደቡ ጋር አይገባም፣ በሁለት ፕሌት ብቻ ነው የሚያልፈው። ስፖንጁ ሲጫን ይጨመቅና ስለቱን ያጋልጣል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ወረቀቱን ገፍቶ ያወጣል። ይህ ዓይነቱ ጨርቅና ስስ ቆዳ ሳይቀር ይቆርጣል፤ እንደ ቡና ቅጠል ዳር ያለ ስስ ሞገድ ግን አያወጣም። ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች የመድኃኒት ካርቶን የሚቆርጡበት ስለትም የዚሁ ወገን ነው፤ የተለመደው ቁመቱ 23.8 ሚሊ ሜትር ነው። እነርሱም ጋ ቢሆን ስለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲሰንፍ ማሽኑን አያስጨንቁትም፣ ከኋላው ስስ ወረቀት ይለጥፉበታል። አናጺው ሳያውቁት የማተሚያ ቤት ሰው ምክር ነበር የሰጡኝ።

አመጣጡም ይህንኑ ይናገራል። ኤሊሰን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመሠረት ሥራው ለመምህራን የወረቀት ፊደል መቁረጫ ነበር፤ ሲዚክስ የተባለውን ለቤት የሚሆን መቁረጫ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ዕቃው ሲታሰብ ጀምሮ መምህር ያለ ድካም እንድትጠቀምበት ነው፤ ክንድ የሚጠይቅ ከሆነ አደራደሩ ተሳስቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የእኔው ቅጠል የተያዘበት አንዱ ሰበብ እርሱ ነበር። ሮለሩ ድርድሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ የሚጫነው በቀጭን መስመር ላይ ነው። በዚያ መስመር ሥር የሚገኘው ስለት ረዥም ከሆነ ጫናው ይከፋፈላል፣ አጭር ከሆነ ይሰበሰባል። አራት ማዕዘን ዳይ ቀጥ አድርጋችሁ ብታስገቡ የፊተኛው ጎኑ ሙሉ በሙሉ በአንዴ ከሮለሩ ሥር ይገባል፤ እጀታው ያኔ ይከብዳል፣ ጎኑም ሳይቆረጥ ይቀራል። ዳዩን ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጎኑ እንደ መቀስ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ይገባል። ቅጠልም ቢሆን ጫፉ መጀመሪያ እንዲገባ አስቀምጡት እንጂ በጎኑ አታጋድሙት።

አንዷ ወረቀት የምትገባበት ቦታ

ሽብልቅ አግቢ ማለት ቀላል ነው፤ የት ነው የሚገባው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወረቀቱን በዳዩና በሚቆረጠው ወረቀት መካከል የሚያስገባ አለ። እርሱ ሽብልቅ ሳይሆን ተጨማሪ የሚቆረጥ ወረቀት ነው፤ የስለቱን ሥራ ያበዛል። የሽብልቁ ቦታ ከታችኛው ፕሌት በታች፣ በፕሌቱና በመደቡ መካከል ነው። ስለት አይነካውም፣ አይቀደድም፣ ሳምንት ሙሉ እዚያው ቢቀመጥ ያገለግላል።

በመጀመሪያ ግን ማሽኑን አታዙሩ፣ ወረቀቱን እዩ። አንድ ጊዜ አሳልፉና ወረቀቱን ከዳዩ በዝግታ አላቅቃችሁ ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርጉት። የተቆረጠው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ያልተቆረጠው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ያልተቆረጠው ዙሪያውን በሙሉ ከሆነ ድርድሩ በጠቅላላ ስስ ነው፤ ፕሌቱን የሚያህል አንድ ሙሉ 80 ግራም ወረቀት ከሥር አስገቡ። ያልተቆረጠው አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን ሙሉ ወረቀት ማስገባት ስህተት ነው። የሚቆርጠውን ጎን ከልክ በላይ ታስጨንቁታላችሁ፣ ስለቱ ፕሌቱ ውስጥ ጠልቆ ይቀበራል፣ ፕሌቱም ቶሎ ይጎብጣል።

ለአንድ ጎን የሚሆነው ቁራጭ ነው። ዳዩን ፕሌቱ ላይ በሁለት ትንንሽ ማስኪንግ ቴፕ አስይዙትና ቦታውን አታነቃንቁት። ያልተቆረጠችውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ፕሌቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ምልክቱ ከኋላም ይታያል። ከዚያ ከፎቶ ኮፒ ወረቀት ያቺን ቦታ ከየአቅጣጫው በግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁራጭ በእጅ ቅደዱ። በመቀስ አይቆረጥም፣ ይቀደዳል። በመቀስ የተቆረጠ ዳር ደረጃ ይሠራል፤ ፕሌቱ በደረጃው ላይ ይሰበርና ከደረጃው ማዶ አዲስ ያልተቆረጠ መስመር ይፈጠራል። የተቀደደ ዳር ግን እየሳሳ ስለሚሄድ ጫናው ቀስ ብሎ ይለወጣል። ቁራጩን ከፕሌቱ ሥር ምልክቱ ላይ ለጥፉና አንድ ጊዜ አሳልፉ። ያኔ ጫፉ ላይ የጎደለው ይህ ነበር፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የተቀደደች ወረቀት።

አሁንም ካልበቃ ሌላ ቁራጭ በላዩ ይጨመራል፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ይሁን። ከሁለት በላይ ከጠየቀ ግን አቁሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ስስ ወረቀት ተደራርቦ ተደራርቦ የማሽኑን ጥርስ ይሰብራል። ሁለት ሙሉ ወረቀት ጨምራችሁ ያልቆረጠ ዳይ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ስለቱ ታጥፎ ይሆናል፤ ጥፍራችሁን በዝግታ በዳሩ ላይ ብታስሄዱ ይታወቃችኋል። ወይም ፕሌቱ አርጅቷል።

ስለ ፕሌት ብዙ የሚባል አለ፣ እኔ የማምንበትን ልናገር። ፕሌት አላቂ ነው፤ ስለቱ በእያንዳንዱ ማለፍ ይቧጭረዋል። መቧጨሩ ራሱ ጉዳት አይደለም። ጉዳቱ ሁልጊዜ መሀሉ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ገጽ መቁረጥ ነው። መሀሉ ይጎደጉዳል፣ ፕሌቱም እንደ ኮርቻ ይጎብጣል፤ ከዚያ ወዲያ መሀሉ አይቆርጥም፣ ዳሩ ብቻ ይቆርጣል። ስለዚህ በየጊዜው ገልብጡት፣ ዙሩን ለውጡ፣ ዳዩንም አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ አስቀምጡ። የጎበጠ ፕሌት ሆዱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ብታሳልፉት ወደ ቦታው ይመለሳል። የላይኛውና የታችኛው ፕሌት እንዳይቀያየሩም ምልክት አድርጉባቸው፤ አንዱን ለስለት፣ ሌላውን ንጹሕ አድርጋችሁ ለኢምቦስ፣ ማለትም ወረቀቱን ተጭኖ ቅርጽ ለማጉላት፣ ያዙ። የተቧጨረ ፕሌት ለኢምቦስ ብትጠቀሙ የድሮው ዳይ መስመር ሁሉ በአዲሱ ካርድ ላይ ይታተማል።

የማሽኑን ድምፅም መለየት ያስፈልጋል። ሮለሩ ድርድሩን ሲይዝ የሚሰማው ሲጥሲጥታ የተለመደ ነው፤ ፕሌት ከፕሌት ሲጫን ነው። እጀታው በአንድ እጅ መዞር አለበት። መጀመሪያ ሲይዝ ይከብዳል፣ ከዚያ ይቀላል። መሀል ላይ ቀጥ ካለ አትግፉት፣ ወደ ኋላ መልሱትና ድርድሩን ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር በስህተት ተደርቦ ታገኛላችሁ፤ የተረሳ ወረቀት ወይም ሁለተኛ ዳይ በመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ተነባብሮ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው፤ የእኔ ፕሌት ዋጋውን ከፍሏል።

ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ዳዩ ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ሲል ሰው በመርፌ ይጎረጉረዋል፣ ቅጠሉም ይቀደዳል። ዳዩ ዝርዝር የበዛበት ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት በዳዩና በወረቀቱ መካከል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ቁራጭ አስገቡ። እርሱም ይቆረጣል፣ ግን ገጹ ስለሚያንሸራትት ቅጠሉን ይለቀዋል። ይህች ወረቀት በዳዩና በወረቀቱ መካከል እንድትገባ የሚፈቀድላት ብቸኛዋ ናት፤ በጣም ስስ ስለሆነች።

ወረቀትም ክረምትን ያውቃል

እስካሁን ስለ ብረቱ ነው የተናገርኩት። ጅማ ላይ ግን ግማሹ ችግር የወረቀቱ ነው። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ወረቀቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኛ እርጥብ አየር ሲገባ እርጥበት ይጠጣል። በዓይን አይታይም። ብትነኩት ግን ይታወቃል፤ ደረቅ ወረቀት ሲነቀነቅ ይንኳኳል፣ እርጥብ ወረቀት ዝም ይላል።

እርጥበት የያዘ ወረቀት ስለቱ ሲያርፍበት ከመቆረጥ ይልቅ ይለጠጣል። ቃጫው ለስልሶ ከስለቱ ፊት ይሸሻል፤ የቅጠሉ ዳር ጥርት ብሎ መውጣት ሲገባው ጸጉር አውጥቶ ይቀራል። ያን ዕለት ሐምሌ የቆረጥነው ወረቀት ሁለት ሳምንት ክፍት ሆኖ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነበር። ስለዚህ ቁራጩ ሽብልቅ ቅጠሉን ቢያላቅቀውም ዳሩ አላረካኝም፤ ከፕላስቲክ ያልወጣ ጥቅል ስንከፍት በዚያው ዳይ፣ በዚያው ሽብልቅ ዳሩ እንደ ምላጭ ወጣ።

መፍትሔው ወረቀቱን ማድረቅ ነው ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ አንድ ገጹ ቀድሞ ይደርቅና ይጠቀለላል። ከሰል አጠገብም አይሆንም። ወረቀት ስታመጡ በመጣበት ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተኝቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከግድግዳም ይራቅ፣ የክረምት ግድግዳ ያልባል። የምትሠሩበትን ያህል ብቻ አውጡ፣ የቀረውን መልሳችሁ ጠቅልሉ። ለ120 ካርድ ይህን ያህል ነው፦ አንድ ኤ4 ለሁለት ሲከፈል ሁለት ኤ5 ይወጣል፣ እያንዳንዱ ለሁለት ታጥፎ ካርድ ይሆናል፤ ስለዚህ 60 ኤ4፣ ለሚበላሸው 6 ተጨምሮ 66። የኤ5 ስፋት 14.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚያስገባው ማሽን ውስጥ ልክ ያልፋል። ቅጠሎቹ 240 ናቸው፤ አራት ዳይ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ ትንሽ ትንሽ ሰያፍ ሆነው ፕሌቱ ላይ ከተደረደሩ 60 ጊዜ ማዞር ነው።

ሌላው የወረቀት ጠባይ የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀት ሲሠራ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ እንጨት ፈልጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለማወቅ ከወረቀቱ ጥግ ትንሽ አራት ማዕዘን ቁረጡና አንድ ገጹን በውሃ አርጥቡት። ወዲያው ይጠቀለላል፤ ጥቅሉ የተኛበት አቅጣጫ የቃጫው አቅጣጫ ነው፣ ምክንያቱም ቃጫ ውሃ ሲጠጣ በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው የሚያብጠው። ካርዱን የምታጥፉት ከቃጫው ጋር ከሆነ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቃጫውን አቋርጣችሁ ካጠፋችሁት ጀርባው ይሰነጠቃል። ይህ ለማጠፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፌው በሄድኩ ነበር።

የቅጠሉ ጅማት

የቡና ቅጠል ዳሩ ሞገድ አለው፣ ጫፉ ይሾላል፣ መሀሉን አንድ ዋና ጅማት ይከፍለዋል፣ ከዋናው ጅማት ግራና ቀኝ ትንንሾቹ ይወጣሉ። ጅማቱ ካልጎላ ቅጠሉ አረንጓዴ ወረቀት ብቻ ነው። ጅማት የሚያወጣልን ኢምቦስ ነው፤ እዚህም ላይ ያው የውፍረት ሕግ ይሠራል፣ ጠንካራው በለስላሳ ተተክቶ።

ጅማት በተቀረጸበት ስስ ዳይ ስትሠሩ መጀመሪያ እንደተለመደው ቁረጡ። ቅጠሉን ከዳዩ አታውጡ። የላይኛውን ጠንካራ ፕሌት አንሱና በምትኩ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን የላስቲክ ምንጣፍ አድርጉ፤ በላዩ የጎደለውን ውፍረት የሚሞላ ካርቶን ጨምሩ። ላስቲኩ ሲጫን ወረቀቱን ወደ ዳዩ ቦይ ውስጥ ይገፋዋል፣ ጅማቱም በመልካሙ ገጽ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ካርቶኑን መጀመሪያ አሳንሱ፤ ጅማቱ ደብዘዝ ካለ አንድ ወረቀት፣ አሁንም ካልጎላ ሌላ አንድ። ጠንካራውን ፕሌት ማንሳት ረስታችሁ ላስቲኩን በላዩ ከጨመራችሁ ድርድሩ ሮለሩ ሥር አይገባም፤ በግድ ካስገባችሁት ደግሞ ጥርሱ ነው የሚሄደው።

ፎልደር ለምትጠቀሙ ነገሩ ይለያል። ፎልደር ማለት እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ የተቀረጸ ፕላስቲክ ነው፤ ወረቀቱ በሁለቱ ገጾቹ መካከል ይገባል፣ የፎልደሩ የታጠፈ ጎን መጀመሪያ ወደ ሮለሩ ይግባ፤ ክፍቱ ጎን ቀድሞ ከገባ ሁለቱ ገጾች ይንሸራተቱና ቅርጹ ጥላ ያወጣል። ወፍራሙ ባለጥልቀት ፎልደር አንዱን ፕሌት ይተካል፤ በሁለቱም ፕሌት መካከል ለማሳለፍ አትታገሉ። ቅርጹን ቆርጣችሁ ኢምቦስ አድርጉ እንጂ ኢምቦስ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ በመቁረጫ ድርድር ውስጥ ያለፈ ኢምቦስ ይጨፈለቃል።

አሁን ወደ ቃጫው ልመለስ። ጅማት ሲጎላ ወረቀቱ ከጅማቱ ግራና ቀኝ ይሳባል። ወረቀት ደግሞ በቃጫው ቁመት ሲሳብ እምቢ ይላል፣ በወርዱ ሲሳብ ግን ጥቂት ይታዘዛል። ስለዚህ ዋናው ጅማት ከቃጫው ጋር አብሮ እንዲተኛ ዳዩን አስቀምጡ፤ መሳቡ በታዘዘው በኩል ይሆናል። ጅማቱ ቃጫውን ካቋረጠ ጫፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታያላችሁ። ላዩ ብቻ ቀለም የተቀባ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ወረቀት ከሆነማ ስንጥቁ ከሩቅ ይታያል፤ አረንጓዴው ቅጠል ላይ ነጭ መስመር። ለቅጠል ውስጡም ላዩም አንድ ቀለም የሆነ ወረቀት ፈልጉ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላዩ የተቀባ ስለሆነ ሲጎላ ቅባቱ ይፈነዳል፤ ለኢምቦስ አልመክረውም።

ክረምት ላይ ለመቁረጥ ጠላት የሆነው እርጥበት ለኢምቦስ ወዳጅ ነው፤ ይህን ሳስተውል ነው ሥራውን ለሁለት የከፈልኩት። ከፕላስቲክ እንደወጣ ደረቁን እንቆርጣለን፤ ከዚያ የተቆረጠውን ከነዳዩ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ ጊዜ ብቻ ውሃ እንነፋበታለን፣ አንድ ደቂቃ ገደማ እንጠብቅና ኢምቦስ እናደርጋለን። የተነፋው ውሃ ጤዛ መምሰል አለበት፤ ጠብታ ከታየ በዝቷል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። በበጋ፣ በተለይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ አየሩ ሲደርቅ ያለ ውሃ ኢምቦስ አይሞከርም፤ ቃጫው ይሰበራል። ጽሑፍ የታተመበት ወረቀት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። በኢንክጄት የታተመ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሮጣል። በሌዘር የታተመው አይሮጥም፣ ነገር ግን ቀለሙ በወረቀቱ ላይ የተጋገረ ስለሆነ በጎላው ቦታ ይላጣል። ስለዚህ የሙሽሮቹ ስም ከኢምቦሱ ራቅ ይበል።

ከኢምቦስ የወጣውን ቅጠል ወዲያው ኮላ አትቀቡት። እርጥበቱ ይውጣ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በብረት መደብ ላይ ተዘርግቶ ይቆይ፤ ከባድ ነገር ግን አይጫንበት፣ ጅማቱ ይተኛል። ኮላው ከኋላ መሀሉ ላይ ብቻ በቀጭኑ ይነካ፤ ዳሩ ነጻ ሆኖ ከካርዱ ትንሽ ከፍ ሲል ጥላ ይጥላል፣ ቅጠሉም ቅጠል ይሆናል። ከሥሩ ያንኑ ቅርጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርጦ በመደራረብም ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን ፖስታ ውስጥ ሲገባ እንደሚወፍር ከወዲሁ አስሉ።

የኒካሁ ካርድ በቀኑ ደረሰ። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ያዞረችው ልጅቱ ናት፣ በአንድ እጇ፣ በሌላው ስልኳን ይዛ። የቀደድናት የጥፍር ያህል ወረቀት አሁንም ከታችኛው ፕሌት ሥር ተለጥፋለች፤ በላይዋ በእርሳስ «የቡና ቅጠል፣ ጫፍ» ተብሎ ተጽፎባታል፣ በየዳዩ አንድ አንድ እንዲህ ያለ ሽብልቅ በየፖስታው ተቀምጧል። የተሰነጠቀውም ፕሌት አልተጣለም። ዳሩን በአሸዋ ወረቀት አለዝበን ለትንንሾቹ ዳዮች እንጠቀምበታለን፤ ግማሹን ለኮከብ፣ ግማሹን ለጀበና።